ወተት ያመጡት ፕሬዚዳንት

ፔፕሲና ሚሪንዳን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ባለቤቱን ፔፕሲኮን ለ12 ዓመታት የመሩት ግን ከሕንድ አገር ወደ አሜሪካ የተሻገሩ አንዲት እናት መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስማቸው ኢንድራ ኑዪ ይባላል።

ኢንድራ እ.ኤ.አ. በ1955 በዛሬዋ ቼናይ፣ በቀድሞዋ ማድራስ ተወለዱ። እናታቸው ኮሌጅ የመግባት ዕድል አላገኙም። ነገር ግን ማታ ለእራት ሲቀመጡ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን፣ «ጠቅላይ ሚኒስትር ብትሆኑ ምን ትሠሩ ነበር?» እያሉ ንግግር ያስደርጓቸው፣ ለተሻለችውም ድምፃቸውን ይሰጧት ነበር። እኚሁ እናት ታዲያ «በ18 ዓመታችሁ እድራችኋለሁ» ማለታቸውንም አልተዉም ነበር። የእናትን ልብ ማን ያውቀዋል!

ልጅቱ ግን በ1978 ወደ አሜሪካ ተጉዘው የል ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ገንዘብ ስላጠራቸው ሌሊት ሌሊት በእንግዳ ተቀባይነት ይሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በሞቶሮላና በሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ሠርተው በ1994 ፔፕሲኮ ገቡ።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንድ ማታ፣ ኢንድራ ቢሮ አምሽተው ሳለ የኩባንያው ፕሬዚዳንት እንደሚሆኑ ተነገራቸው። ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸው ወደ ቤት ሲገሰግሱ እናታቸው ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «እማዬ፣ የምሥራች!» ቢሉ፣ «የምሥራቹ ይቆይ፤ ወተት አልቋልና ሄደሽ አምጪ» ተባሉ። የባለቤታቸው መኪና ቆሟል። «እሱን ለምን አላዘዝሽውም?» ሲሉ፣ «ደክሞታል» የሚል መልስ አገኙ። ወተቱን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ በንዴት አስቀመጡና ዜናውን ተናገሩ። እናትየውም፣ ፕሬዚዳንትነቱ ደጅ እንደሚቀር፣ እዚህ ቤት ሚስት፣ ልጅና እናት መሆናቸውን፣ ዘውዱንም መኪና ማቆሚያው ውስጥ ትተውት እንዲገቡ ነገሯቸው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለእናትየው ጥበብ ምስክር ሆኖ ይነገራል። እኔም ግማሹን እቀበላለሁ፤ ሹመት ቤት ድረስ ተከትሎ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ግን ወንድሞቼ አትቆጡኝና፣ ቀድሞ የገባው ባል ደክሞት ከሆነ፣ በምሽት የገባችው ሚስትስ አልደከማትም? የእኛስ ቤት ከዚህ በምን ይለያል?

ኢንድራ በ2006 ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆኑ። ኩባንያው በዚያ ዓመት 35 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይሸጥ የነበረው፣ በ2017 ከ63 ቢሊዮን በላይ ደረሰ። በ2018 ኃላፊነቱን አስረከቡ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በ2014 በአንድ መድረክ ላይ፣ ሴት ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ማግኘት ትችላለች ብለው እንደማያምኑ፣ ልጆቻቸውም ጥሩ እናት ነበረች ይሉ እንደሆነ እርግጠኛ እንዳልሆኑ በግልጽ ተናገሩ። ትምህርት ቤቱ ረቡዕ ጠዋት እናቶችን ቡና ሲጋብዝ እርሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ። ልጃቸው «የእገሊት እናት መጥታለች» እያለች ስትወቅሳቸው፣ ትምህርት ቤቱ ደውለው ያልመጡትን እናቶች ስም አጣርተው ይነግሯት ነበር። በጉዞ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ልጅቱ የጨዋታ ፈቃድ ለመጠየቅ ቢሮ ስትደውል፣ የቢሮው እንግዳ ተቀባይ በተሰጣት የጥያቄ ዝርዝር መሠረት «የቤት ሥራሽን ጨርሰሻል?» ብላ ጠይቃ ትፈቅድላት ነበር። ስታነቡት ያስቃል፤ እናቲቱን ግን ያሳቃቸው አይመስለኝም።

ዋና ሥራ አስፈፃሚ ከሆኑ በኋላ ሕንድ ሄደው እናታቸውን ሲጠይቁ፣ እንግዳ ሁሉ እርሳቸውን ሰላም እያለ አልፎ «እንዲህ ያለች ልጅ አሳደግሽ» እያለ የሚያመሰግነው እናቲቱን ሆነ። ኢንድራም ሲመለሱ አብረዋቸው ለሚሠሩት ኃላፊዎች ወላጆች ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ፤ ልጃችሁ ይህንና ይህን ሠርቷል፣ ስለ ስጦታችሁ አመሰግናለሁ የሚል። ብዙ ወላጆችም መልስ ይጽፉላቸው ነበር።