ቸርኬ ለጌጥ ነውን?

ስለ ስፖርት መኪና በተነሣ ቁጥር ጓደኞቼ የሚከራከሩት በቸርኬ ትልቅነት ነው። እኔ ግን ክብደቱ ይቅደም እላለሁ።

ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የተባለችው ባለሁለት ወንበር መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ስትወጣ ክብደቷ ከ1000 ኪሎ በታች፣ ቸርኬዋም 14 ኢንች ብቻ ነበር። የመኪና አካል በሞላ ላይ ያርፋል፤ ቸርኬና ጎማ ግን ከሞላው በታች ናቸው። ከባድ ከሆኑ ጉብታ ካነሣቸው በኋላ ሞላው ቶሎ ወደ መንገዱ ሊመልሳቸው አይችልም። ከመንገድ የተነሣ ጎማ ደግሞ ለፍሬንም ለመሪም አይታዘዝም!

ለዚህችው መኪና 16 ኢንች ቸርኬ ቢገጠምላት የጎማው ጠቅላላ ቁመት እንዳይለወጥ ጎኑ ከ111 ሚሊሜትር ወደ 86 ገደማ መቀነስ ይኖርበታል። ያን ጊዜ ጉድጓዱ የሚመታው ቸርኬውን ነው፤ (የሰፈራችንን ጉድጓድ የምታውቁ ፍረዱ)።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብሎ ይጠይቅ። ቀጥሎም አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ መሆናቸውን፣ የመካከሉም ቀዳዳ በሞዞው ልክ መሆኑን ያረጋግጥ። መልኩን ከዚያ በኋላ ቢመርጥ አልቃወምም።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ግዙልኝ ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ አሳየን በሉት።