መጨረሻው የታወቀ የገና ፍቅር

ልጅቱ በትልቅ ከተማ ጥሩ ሥራ አላት። ለገና ወደ ተወለደችበት ትንሽ ከተማ ስትመለስ መኪናዋ በረዶ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ሊያወጣላት የሚመጣው ጎረምሳ ድሮ አብሯት የተማረ፣ አሁን የአባቱን ዳቦ ቤት የሚያስተዳድር ሆኖ ይገኛል። ፊልሙ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው መጨረሻውን የማያውቅ ተመልካች የለም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ይጣላሉ፣ በዋዜማው ማታ ይታረቃሉ። ሆልማርክ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ለወራት የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ በአንዳንድ ዓመታት ወደ 40 የሚጠጉ አዳዲስ ፊልሞችን ሠርቷል። እኛም ዘንድ በሳተላይትና በስልክ የሚያያቸው ብዙ ነው። የሚያያቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በአፍረት ነው የሚያያቸው፤ “ያው አንድ ዓይነት ነው” ተብሎ የሚናቅ ነገር መውደድ ያሳፍራልና። እኔ የማፍርበት ምክንያት አይታየኝም። ያ “አንድ ዓይነትነት” የበዓልን ጠባይ የተከተለ ነው፤ የእኛም ደራሲዎችና የፊልም ሠሪዎች በቁም ነገር ሊይዙት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ባለችው በመሐል ሜዳ ከተማ ገና እንዴት እንደሚውል የማያውቅ መንዜ የለም። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፣ ታኅሣሥ 29 ይፈሰካል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ወቅቱ የውርጭ ወቅት ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ የሚመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ሲገባ መስኮቱ በተሳፋሪው ትንፋሽ ታፍኗል። አንዱ በመዳፉ ጠርጎ ክብ ቀዳዳ ያበጅና በዚያች ክብ ዘመዱን ይፈልጋል። ውጭ የቆመችው እናት ልጇ እንደሚመጣ ታውቃለች፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጣም ተነግሯታል፤ ሆኖም ያቺ ክብ ውስጥ ፊቱን ስታይ እልል የምትለው ዜናው አዲስ ሆኖባት አይደለም። በማግስቱ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውም ታሪክ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጌታ በበረት እንደሚወለድ አስቀድሞ ስላወቀ ማሕሌቱ የሰለቸው ምእመን አልሰማሁም።

“ይህ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ጥበብ ግን አዲስ ነገር ካላመጣ ምን ጥበብ ይባላል?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ በተለይ ቅኔ ባለበት አገር። ባለቅኔ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግም ያፍራል። ነገር ግን ቅኔን ልብ ብለን ካየነው ቅርጹ ከድሮ ጀምሮ የተወሰነ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ ዜማውም ይታወቃል። ሰሚው የቤቱን ልክ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጆሮው ለቃሉ ይፈታል፣ ወርቁን ከሰሙ ለመለየት ፋታ ያገኛል። የልብ ወለዳችንም ነገር እንዲሁ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ድንቅ መጽሐፍ ገና በሽፋኑ ላይ ፍቅሩ የት እንደሚያበቃ ይናገራል፤ ስሙ “ፍቅር እስከ መቃብር” ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጠው ሕዝብ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር በመቃብር እንደሚያበቃ እያወቀ ነው ደጋግሞ ያዳመጠውና ያለቀሰው። መጨረሻውን ማወቅ እንባውን ካልከለከለ፣ ደስታውን ለምን ይከለክላል?

የሀዲስን ታሪክ ያነሣሁት ለሌላም ነገር ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው ዘርና ማዕረግ ነው፤ እሷ የፊታውራሪ ልጅ፣ እሱ የባላገር ልጅ። እንግዲህ ያንን አጥር ለአንድ ቀን የሚያነሣ በዓል የነበረን ደግሞ ገና ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ሜዳው ላይ ጌታውና ሎሌው እኩል ዱላ ይዘው ሩር የምትባለውን ኳስ ያሳድዳሉ፤ ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢሸነቁጠው ቂም አይያዝም። በማግስቱ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያን ቀን ሌላ ዓይነት ኑሮ እንደሚቻል ታይቷል። የፈረንጆቹ የገና ፍቅር ፊልም በአብዛኛው የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ይመስለኛል። የድርጅት ኃላፊዋ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር አንድ ሊጥ ታቦካለች። በሌላ ወር ቢሆን የማይገናኙ ሰዎች በዓሉ ስለፈቀደላቸው ይገናኛሉ። ተመልካቹ የሚጠብቀው መገናኘታቸውን ከሆነ፣ የሚጠብቀው ፈቃዱን ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። የትንሽ ከተማ ኑሮ እንደዚያ አይደለም፣ ፊልሙ ድህነትን በመብራትና በአበባ ይሸፍናል ይባላል። ስለ መንዝ ከሆነ ይህን የሚል ሰው ብዙ ማስረጃ አለው። ደጋው በበልግ ዝናብ የሚተማመን ነው፣ በልጉም ይከዳል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሰላም ለሰሜን ሸዋ ተመልሶ አልረጋም። ይህን ሁሉ ባለበት ትቼ ግን የምጠይቀው አለኝ። ዝናቡ ይዝነብ አይዝነብ፣ መንገዱ ይከፈት አይከፈት የማያውቅ ሰው፣ ቴሌቪዥኑም መጨረሻው የማይታወቅ ታሪክ ቢያቀርብለት ምን አዲስ ነገር ይማራል? እርግጠኛ ያልሆነውን ኑሮ እሱ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መንገድ በሚዘጋበት አገር “ልጁ ለገና ቤቱ ገባ” የሚለው ፍጻሜ ትልቅ ፍጻሜ ነው፣ ማንም እንደ ተራ ነገር አያየውም።

ስንፍናን ለመከላከል ይህን አላነሣሁም። ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ በበጋ፣ በካናዳ፣ በሦስት ሳምንት ገደማ፣ በሰው ሠራሽ በረዶ የተቀረጹ ናቸው፤ ከተማዋም የትም ልትሆን የምትችል ባዶ ከተማ ናት። እነዚህን አልወዳቸውም። ቅርጹ የታወቀ ሲሆን ተመልካቹን የሚይዘው የቦታው እውነት ብቻ ስለሆነ፣ ቦታው ውሸት ሲሆን ምንም አይተርፍም። የእኛ የበዓል ድራማዎች ችግርም እዚህ ላይ ነው። ጉዝጓዙና ረከቦቱ ያለበት የአዲስ አበባ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ የተደረደሩ ዘመዶች፣ አልፎ አልፎ ከውጭ አገር የመጣ ልጅ፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው አገር አይታይም። መሐል ሜዳ ላይ ቢሆን የሚታየው ብዙ ነው። የገበያ ቀን የመንዝ በግ ጀርባውን እየዳበሰ የሚከራከር ገዢ፣ ከበጉ ጠጉር የተሠራው ባና፣ ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ማኅበረሰቡ ለዘመናት በሥርዓት ጠብቆ ያቆየው የጓሳ ሣር ምድር፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው። አዲስ አበባ ሆቴል የምትሠራ ልጅ ለገና መጥታ ከጓሳ ጠባቂዎቹ አንዱን ብታገኝ፣ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ከአሁኑ አውቀዋለሁ፤ ቁጭ ብዬ ላየውም ዝግጁ ነኝ።

ወጪውም ቢሆን የሚያስፈራ አይመስለኝም፤ በረዶ መሥራት አያስፈልግም፣ አመዳዩ በነፃ ይወርዳል። የሚያስፈልገው ጊዜን ማወቅ ነው። ውርጩ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ፣ የከርሞውን ገና ፊልም የሚያስብ ጣቢያ ባለሙያዎቹን በዘንድሮው ጾም ወደ መሐል ሜዳ መላክ አለበት።