ከዲሽ ወደ ስቲክ፦ የቴሌቪዥናችንን የፊት ገጽ ማን ያወጣዋል?

እዚህ ሮም በየበረንዳችን የተከልናቸው ዲሾች ዝገው ከቀሩ ሰንብተዋል። ጎረቤት ሲከሰን፣ የኮንዶሚኒዮው አስተዳዳሪ "አውርዱ" እያለ ደብዳቤ ሲጽፍልን የኖርንባቸው ዲሾች ናቸው። አሁን በቦታቸው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተሰካች፣ ጣት የምታህል ዕቃ አለች። አንዳንዱ ስቲክ፣ አንዳንዱ ክሮምካስት፣ አረጋውያኑ ደግሞ በደፈናው "ያቺ ነገር" ይሏታል። ዋጋዋ ርካሽ ነው። ከዋይፋይ ጋር ከተገናኘች ዩቲዩብን ከስልክ አውጥታ ሳሎን ላይ ትዘረጋዋለች። ቀኑን ሙሉ ጣሊያናዊት አሮጊት ስታስታምም የዋለች እህታችን፣ ማታ ጫማዋን አውልቃ ያገሯን ወሬ በትልቅ ስክሪን የምታየው በዚህችው ነው።

ይህን የሚያቃልል ካለ የዲሹን ዘመን ረስቶታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን) አቶ መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው የእልቂት ሬዲዮ፣ ከሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው፣ መንግሥታቸው ለማፈን እየተዘጋጀ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ኢሳት የሳተላይት ሥርጭት ጀመረ፤ ወዲያው ታፈነ። ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ተመልካቹም ዲሹን እያዞረ ተከተለው። በጥቅምት 2016 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ራሱ ተከለከለ።

የሳተላይትን ሥርጭት ለማፈን በዚያው ሞገድ ላይ የበለጠ ጉልበት ያለው ጩኸት መልቀቅ ይበቃል። በኢንተርኔት ሮም ድረስ የሚመጣውን ግን እንዲያ ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው አገር ቤት ያለውን ሰው መቁረጥ ነው፤ ያም ተደርጓል። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ጨለመች። በየካቲት 2023 በቤተ ክርስቲያኗ ውዝግብ ሰበብ ዩቲዩብና ሌሎቹም ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። በነሐሴ 2023 የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም አልተከፈተም። እንግዲህ ስቲኳ ከአፈናው ያወጣችው እኛን፣ የውጭዎቹን ነው። ባሕር ዳር ያለው ወንድማችን ስለ ራሱ ከተማ የሚወራውን ሳያይ፣ እኛ ሮም ተቀምጠን በሙሉ ስክሪን ስናይ ከረምን። ይህ ሊያሳስበን ይገባ ነበር። ወሬውን "አይደለም፣ ውሸት ነው" ብሎ ሊያርም የሚችለው ሰው በሌለበት ነበር የምናየው።

ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። እኛ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንባቸው ዓመታት የፊት ገጹን የሚወስነው ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ማምሻውን ስልክ ይደወላል፤ አንዱ ዜና ይነሳል፣ ሌላው ይገባል። ክፉ አሠራር ነበር፤ ነገር ግን ደዋዩ ስም ነበረው። አንባቢውም ጋዜጣው የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ሰሙን ከወርቁ እየለየ ማንበብ ለምዶ ነበር። የስቲኳ የፊት ገጽ አዘጋጅ ግን ስም የለውም። ሪሞቱን ስንጫን ከላይ የሚደረደሩት ሥዕሎች ማን መርጧቸው ነው? ቀይ ቀስት፣ የሚያለቅስ ፊት፣ "ሰበር" የሚል ጽሑፍ፤ ከዚያም አንዱ ሲያልቅ ሳንነካው የሚቀጥለው ይጀምራል። ማሽኑ የሚመርጥልን ብዙ ደቂቃ ያስቀምጠናል ብሎ የገመተውን ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸጠው በቆየንበት ልክ ነውና። እውነት ይሁን ውሸት አይጠይቅም። ቻናል የከፈተው ሰውም ከዚያው ገንዘብ ስለሚካፈል ትናንት ብዙ ሰው ያየለትን ስድብ ዛሬ ጨምሮበት ይመጣል።

ስልክ ላይ ሲሆን መርዙ በአንድ ሰው ጆሮ ይቀር ነበር። ሳሎን ላይ ሲለቀቅ ልጆች ይሰማሉ። ቡና ሊጠጣ የመጣው የሌላ ብሔር ጎረቤት ይሰማል። በዚህች ከተማ በቴርሚኒ ዙሪያ አብረው ሥራ የፈለጉ፣ አንድ ክፍል ተጋርተው ያደሩ ሰዎች ስክሪኑ ሲበራ ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸው ሲኒያቸውን እያዩ ሲቀመጡ አይተናል። ቀስ በቀስ መጠራራቱም ይቀራል።

ከርካሹም የረከሰ አለ፤ ስም የለሹ አንድሮይድ ቦክስ። "የዓለም ቻናል ሁሉ ተጭኖበታል፣ ወርኃዊ ክፍያ የለውም" ተብሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ሕገወጥ አገልግሎት ጣሊያኖቹ "ፔዞቶ" ይሉታል። በ2023 በወጣው ሕግ መሠረት ሻጩ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹም ከ150 እስከ 5,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ሶጆርኖውን ለማሳደስ ወረፋ የሚጠብቅ ስደተኛ የፊናንሳ ፖሊስ ደብዳቤ ቤቱ እንዲመጣ የሚፈልግ አይመስለንም። ይህም ይቅር። በታኅሣሥ 2024 የጀርመን የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ቫይረስ ተጭኖባቸው የተሸጡ 30,000 ያህል ዕቃዎች ከወንጀለኞቹ ጋር የሚገናኙበትን መስመር አቋርጧል። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይም ስለ እነዚሁ ቦክሶች አስጠንቅቋል።

ቫይረሱን የጫኑት የገንዘብ ሌቦች ናቸው፤ የአዲስ አበባ መንግሥት ሥራ ነው አላልንም። ሆኖም ለእኛ ዓይነቱ ሰው ነገሩ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በየካቲት 2014 እንዳጋለጠው፣ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተላከው የስለላ ሶፍትዌር የተሠራው እዚሁ ጣሊያን፣ ሚላኖ በሚገኘው ሃኪንግ ቲም ነበር። በ2015 የኩባንያው ሰነድ ተዘርፎ ሲበተን ደግሞ የኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር ታየ። ምን እንደጫነ የማይታወቅ ቦክስ፣ ስልካችንና ኮምፒውተራችን ባሉበት ዋይፋይ ላይ ማስገባት በር ሳይዘጉ መተኛት ነው።

የታወቀ ስም ያለውን መግዛት ይሻላል፤ እሱም ዘላለማዊ አይደለም። ጎግል በ2013 በ35 ዶላር ያወጣውን ክሮምካስት በ2024 ማምረት አቁሟል። በመጋቢት 2025 ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አልፎ በአንድ ቀን ቀጥ ብሎ ነበር። (በነገራችን ላይ "ስቲክ ገዝተናል፣ ካኖኔ አንከፍልም" የምትሉ ወገኖች፣ ቴሌቪዥኑ የራሱ መቀበያ እስካለው ድረስ ክፍያው ከመብራት ሒሳቡ ጋር ይመጣል።)

ልጆቻችሁ ቤት ሲመጡ በራሱ የሚቀጥለውን ማጫወቻ ያጥፉላችሁ፤ የታየውን ዝርዝር ይሰርዙላችሁ። ከፊት ገጹ ሥዕል ይልቅ የምታምኑትን ጣቢያ ስም ጽፋችሁ ግቡ።

ለስደት ሚዲያ ባልደረቦቻችን አንድ ጥያቄ አለን። በዲሹ ዘመን ተመልካቹ ዜና በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ያውቅ ነበር፤ ምግቡን አቅርቦ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ አብዛኞቻችሁ "ሰበር" ሲገኝ ብቻ ትወጣላችሁ፤ ተመልካቹም ማሽኑ ሲያመጣችሁ ብቻ ያገኛችኋል። የዜና ሰዓታችሁ ስንት ነው?