ዜማው ተርፏል፤ ሽፋኑስ?

ወርቃማ የምንለው ዘመን ዘፈን አሁን ይጠፋል ብዬ አልሰጋም። የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ እትም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ዘፈኖችን በሲዲ አሳትሞ ለዓለም አሰምቶልናል፤ ከቀሪዎቹም ብዙዎቹን ሰዎች ከየሸክላው እየገለበጡ በኢንተርኔት አኑረዋቸዋል። የምሰጋው ለሸክላው ሽፋን ነው። ዘፈኑ ሺህ ጊዜ ይገለበጣል፤ ያ የተሸጠበት ወረቀት ግን በቀረው ቅጂ ልክ ብቻ ነው ያለው።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እሱ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄድም በርካታ ሸክላዎችን አሳተመ። ካይፋ ሪከርድስም በዚያው ዘመን ማሕሙድ አሕመድን የመሳሰሉ ድምፃውያንን ሥራ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ። የግል አሳታሚዎቹ የሸክላ ዘመን በጠቅላላው አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ አጭር ጊዜ የታተሙት ሽፋኖች የድምፃውያኑን የወጣትነት ፎቶ፣ የፀጉራቸውንና የልብሳቸውን ፋሽን፣ የፊደል ቅርፁን፣ የአሳታሚውን ዓርማ፣ አንዳንዴም የባንዱን ስም ይዘዋል። ዘፈኑን በስልክ የሚሰማ ወጣት ከዚህ አብዛኛውን አያገኝም።

የሽፋኑ የመጀመሪያ ጠላት ውስጡ ያለው ሸክላ ነው። ሸክላዎች ቡፌ ውስጥ ተነባብረው ሲተኙ የእያንዳንዱ ጠርዝ ወረቀቱን ይጫንና ቀለሙን እየፋቀ ክብ ምልክት ያወጣበታል። ሸክላው በወጣና በገባ ቁጥርም ስፌት መስሎ የተጣበቀውን ጠርዝ ይሰነጥቀዋል። ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅላል፤ በረሮና ብል ደግሞ ወረቀቱንና ሙጫውን ይበላሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በፍቅር የሚደርሰው ጉዳት ነው። የተቀደደውን በስኮች ማጣበቅ የተለመደ ነው። የስኮች ሙጫ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ፕላስቲኩ ሲረግፍ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ዲፕሎማው ላሚኔት ያስደርገዋል። ሙቀቱ ሙጫውን ከወረቀቱ ጋር አንዴ ካዋሐደው በኋላ ሽፋኑን ሳይጎዱ ማላቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዱቄት ሊጥ ማጣበቅም ሻጋታና ነፍሳት ይጠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥታችሁ በንጹሕ የወረቀት ኪስ አስቀምጡት፤ ሽፋኑን ባዶውን ከጎኑ አድርጋችሁ ሁለቱንም አንድ ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። ላስቲኩ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። ለስላሳና ኃይለኛ ሽታ ያለው ፒቪሲ ከጊዜ በኋላ የሚለቀው ኬሚካል ሸክላውን ያበላሻል። እርጥበት እንዳይታፈን የላስቲኩን አፍ አታሽጉ። ከዚያ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳይጋደም ሳይጨናነቅም፣ ፀሐይ ከማይደርስበት፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ከራቀ መደርደሪያ ላይ አቁሙት። የተቀደደውን ባለበት ተዉት። የግድ መጠገን ካለበት የወረቀት ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ ረጅም ቃጫ ባለው ስስ ወረቀትና በንጹሕ የስንዴ ስታርች ይጠግነው፤ ይህ ጥገና በኋላ በውሃ ሊላቀቅ ይችላል። ቀድሞ የተለጠፈን ስኮችም በጉልበት አትላጡ።

ከጥገናው በቀር ይህ ሁሉ ከጥቂት የወረቀት ኪስና ላስቲክ፣ ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓትም በላይ አይጠይቅም። ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ የሸክላውንም መሐል ላይ ያለውን ወረቀት በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። የወላጆቻችሁን ሸክላ ይዛችሁ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም የምትኖሩም እንዲሁ አድርጉ፤ እነዚህ ቅጂዎች እዚህ ሀገር ቤት ላይገኙ ይችላሉ።

ቤተ መዛግብታችንም መጽሐፍና ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን የሸክላ ሽፋንንም መዝግቦ የሚይዝ ክፍል ሊያደራጅ ይገባል። ባለቤቶቹ ሸክላውን እንዲሰጡ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሽፋኑን ቅጂና የማን እንደነበረ መመዝገብ ለመነሻ ይበቃል። ያሳተሙት፣ ፎቶ ያነሱትና የተጫወቱት ሰዎች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ አምሃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ2021 አርፏል። ከቀሩት መካከል አንዱ ፎቶውን አይቶ «ይሄ እከሌ ነው» ሊለን በሚችልበት በዚህ ጊዜ ምዝገባው መጀመር አለበት።