ጎተራችሁን ከሥሩም እዩት

ማንቡክ ቆላ ነው። በክረምት ግን ዝናቡ ብርቱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም የጎተራውን ክዳን እናያለን። ወለሉንስ ማን ያየዋል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ትምህርት አርፍደው መጡ። «ምነው እናቴ?» አልኳቸው። «ማሽላዬን ከሥር ሻግቶ አገኘሁት። ክዳኑ እኮ ደህና ነው» አሉኝ። አብረን ሄድን። ጎንበስ ብለን አየን። የቀርከሃው ወለል ምርጊት ተሰነጣጥቋል። የክዳኑ ጠፈጠፍ መሬት ላይ እየነጠረ ወለሉን ያርሰዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. የጎተራው እግር ድንጋይ ላይ ይቁም። መሬት የነካ እንጨት እርጥበት ይስባል። ምስጥም ይወጣበታል።

2ኛ. ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ይበል። ውሃው እንዲሄድ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ።

3ኛ. ወለሉ ከተሰነጠቀ እህሉን አውጡ። ስንጥቁን በጭቃ፣ በጭድና በእበት ምረጉ። ምርጊቱ ሳይደርቅ እህል አትመልሱ።

እህሉ ራሱ መድረቁን እንዴት እናውቃለን? ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ጨምሩ። ከድናችሁ ናጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ አልደረቀም። ፀሐይ ላይ አስጡት።

የሻገተውን «ለዶሮ ይሁን» አትበሉ። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው። የሰውን ጉበት ይጎዳል። ዶሮንም ይጎዳል። ቢቀቅሉት፣ ቢጋግሩት አይጠፋም።

እኚያ እናት ወለሉን መርገዋል። ለዘር የሚሆነው ማሽላ ተርፎላቸዋል።

እናንተም ዛሬ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁም ይህን አንብቡለት።