ጉርሻው ከማን እጅ ነው?

ባለፈው ጥር ልጄን ዳርኩ። ከጥምቀት ማግስት ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው፤ እኛም ያገኘነው ቀብዱን በግንቦት ስለከፈልን ነው። ሰርጉ አማረ። ቁርጡ ሳያልቅ፣ ጠጁ ሳይቀጥን፣ ሚዜዎቹም ሳይጣሉ መሸ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የቀረብኝ ዕዳ ያለ አልመሰለኝም።

ዕዳው በመልሱ ዕለት በእግሩ መጣ። በአዳራሹ መጠጥ ሲቀዳ ያመሸው ልጅ ለመልሱም ተልኮ ነበርና፣ በረዶ ከመኪና ሲያወርድ ብቻዬን አገኘኝ። ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ጋሼ፣ የሰርጉን ዕለት ጉርሻ ለአለቃችን ሰጥተውት ነበር? ልጆቹ ጠይቅልን ብለውኝ ነው፤ አይቀየሙኝ።”

ለአለቃቸው አልሰጠሁም። ለማንም አልሰጠሁም። በሒሳቡ ወረቀት ላይ “የአገልግሎት 10 በመቶ” የሚል መስመር ነበር። እሱን ስከፍል የልጆቹ ድርሻ እዚያው ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አልጠየቅሁም። ልጁን ስጠይቀው ከዚያ መስመር አንድም ብር ደርሷቸው እንደማያውቅ ነገረኝ። በሰርጉ ምሽት ግን የዘፋኙ ግንባር ላይ ባለ 200 ብር ኖት አንድ በአንድ ስለጥፍ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። ዘመድ ሁሉ አይቶታል።

ይህን መርሳት የማይገባው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። በ1984 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቅዳሜና እሑድ አሳላፊ ነበርኩ። ያን ጊዜ “ባርማን” የሚባል ስም ሰርግ ቤት አልገባም፤ ጠጅ የሚቀዳ፣ ቢራ የሚከፍት፣ ብርጭቆ የሚያጥብ ሁሉ አሳላፊ ነው። ለሌሊቱ 7 ብር ይከፈለኝ ነበር። ሃያ አራት ጠርሙስ የያዘ ሳጥን በትከሻዬ አመላልሳለሁ፤ ሲነጋ ባዶ ጠርሙስ ይቆጠራል፤ የጎደለውና የተሰበረው ከ7 ብሬ ላይ ይነሣል።

አንድ ምሽት ገና ሙሽሮቹ ሳይገቡ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው ጠሩኝ። መዳፌ ውስጥ አንድ የታጠፈ 10 ብር አስቀመጡና፣ “ይህን ጠረጴዛ አደራ” አሉ። ከሌሊቱ አበሌ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ምን ላድርግ? አደራውን ተወጣሁ። ውስኪው እዚያ ጠረጴዛ ሰፈረ፤ ብርጭቋቸው ሳይጎድል እሞላለሁ። በበሩ በኩል፣ ነፋስ በሚገባበት ጥግ፣ የሰፈሩ ዕድር እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ለስላሳ ቢጠይቁኝ መጣሁ እላለሁ፤ አልመጣም። በሦስተኛው ጊዜ ከመካከላቸው አንዷ እጄን ያዝ አደረጉና፣ “ልጄ፣ እኛም’ኮ የመጣነው ሰርግ ነው” አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ያ 10 ብር ጉርሻ አልነበረም፤ ጉቦ ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቃሉ ራሱ ይነግረናል። ሌላው ዓለም ለአስተናጋጅ የሚሰጠውን ሳንቲም በምን ስም እንደሚጠራው የየራሱ ጉዳይ ነው፤ እኛ ግን ስሙን ከማዕድ ወስደን ጉርሻ አልነው። ጉርሻ በእጅ ይጠቀለላል፣ በእጅ ይሰጣል፤ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በወኪል የሚያጎርስ ሰው አላየሁም። አንተ እሱን አጉርሰህ እሱ ለጠረጴዛህ እንዲያደላ ውል የምትገባበትም አይደለም። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ይባላል፤ ከውስኪው በፊት የምትሰጠዋ አንዷ ጉርሻ ግን የምታጣላው አሳላፊውን ከሌላው እንግዳ ሁሉ ጋር ነው።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ በሰርግ ላይ ጉርሻ የደጋሹ ግዴታ ነው፤ የእንግዳው ደግሞ ምርቃት ነው። እንግዳ ካርድ ደርሶት፣ ስጦታ ይዞ፣ ለብሶ የመጣ ሰው ነው፤ ለሚጠጣው ውኃ ኪሱን እንዲዳብስ ማድረግ ደጋሹን ያሳፍራል። እንግዳው መስጠት ከፈለገ ሲወጣ ይስጥ እንጂ ሲገባ አይስጥ። ሲወጣ የሚሰጥ ያመሰግናል፤ ሲገባ የሚሰጥ ይገዛል።

ይህን ነገር በባሕር ማዶም አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲያገባ ሄጄ ነበር። መጠጡ በነጻ ነው፤ ከጠረጴዛው ኋላ ጥቁር ሰደርያ የለበሰ ቀጂ ቆሟል፤ ከፊቱ የመስታወት ማሰሮ አስቀምጧል፤ ውስጧ አንድ አንድ ዶላር አለባት። የእህቴ ባል ማሰሮዋን ሲያይ ደሙ ፈላ። “እንግዶቼን በቤቴ ያስለምንብኛል?” ብሎ አስነሣት። ቀጂው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ሲቀዳ ግን ከዚያ በኋላ ፈገግታ አልነበረውም።

ማታ ሒሳቡን ይዘን ስንቀመጥ ነገሩ ተገለጠ። ቨርጂኒያ ውስጥ አሠሪ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ ከኪሱ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የቀረው እስከ ዝቅተኛው ደመወዝ ድረስ ከጉርሻ እንዲሞላ ነው። ይህ የፌዴራሉ ወለል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። በውሉ ላይ ያለው የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ “ለአዳራሹ” ይላል። አማቼ ማሰሮዋን ማስነሣቱ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ በማሰሮዋ ፈንታ ፖስታ አለማዘጋጀቱ ነው። ያን ሌሊት እኔም ይህንኑ ነገርኩት፤ ጥሩ አድርጌ መከርኩት። ከዚያ አገሬ ተመልሼ የእሱኑ ስሕተት በራሴ ድግስ ደገምኩት።

የእኛም ሕግ ለአሳላፊው ብዙ አያዝንለትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ከደመወዝ የማይቆጠሩ ክፍያዎችን ሲዘረዝር፣ ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ አንዱ አድርጎታል። እንግዲህ በሒሳቡ ላይ ያለው 10 በመቶ ደመወዝ አይባልም፤ ከእጁ ካልገባም ጉርሻ አይሆንም። ቢያንስ በእኔ ሰርግ የማንም ሳይሆን አለፈ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳጫውተው ተቆጣ። “እኔ ለድርጅቱ በሰው ሒሳብ ከፍያለሁ፤ ሠራተኛውን የሚያበላ እሱ ነው፤ ጉርሻ በሰጠን ቁጥር ለቆንቋና አሠሪ እያገዝን ነው” አለኝ። ነገሩ እውነት አለበት። ጉርሻ ደመወዝን መተካት ከጀመረ እንደ አሌክሳንድሪያው ማሰሮ ይሆናል። ግን ይህ ወዳጄ ለዘፋኙ ሲለጥፍ አሠሪውን አላነሣም። ዘፋኙም’ኮ በውል ተከፍሎታል። ልዩነቱ ዘፋኙ ላይ ስንለጥፍ ካሜራ መኖሩ ነው፤ ብርጭቆ አጣቢዋ ዘንድ ካሜራ አይሄድም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጥር ደጋሽ ከእኔ ይማር። ውል ከመፈረምህ በፊት 10 በመቶው ለማን እንደሚደርስ ጠይቅ፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ለማንም አይደርስም ማለት ነው። ከመጠጥ በጀትህ ሁለት ጠርሙስ ውስኪ ቀንስ፤ እንግዳ አያውቅብህም፤ ገንዘቡን በፖስታ በፖስታ አድርገው። ስትቆጥር ቀጂውንና አስተናጋጁን ብቻ አትቁጠር፤ ወጥ ቤት ያሉትን፣ ዕቃ አጣቢዋን፣ የበሩን ጥበቃ ጨምር። ጥሬ ገንዘብ አልያዝኩም የሚል ካለ ከግንቦት 2013 ጀምሮ ቴሌብር አለለት። ሥራውን ለሙሽራው አባት አትስጡት፤ የሙሽራው አባት በዚያ ሰዓት የራሱን ስምም ይረሳል። ነገር የማትረሳ አክስት በየቤቱ አለች፤ ለእሷ ስጧት። አሳላፊ ሆኜ ከሠራሁባቸው ሰርጎች ዛሬ ፊታቸው የሚታየኝ አንዲት የሙሽራ እናት ናቸው፤ ሊነጋጋ ሲል ጓዳ ገብተው ቆመን ስንበላ አገኙን፤ “ተቀመጡ” አሉንና ለእያንዳንዳችን 5 ብር በየእጃችን ሰጡን። ገንዘቡን ምን እንዳደረግሁት አላስታውስም፤ ተቀመጡ ማለታቸውን አስታውሳለሁ።

ወደ ዕዳዬ ልመለስ። በመልሱ ማግስት ዐሥራ ሦስት ፖስታ አዘጋጅቼ ልጁን አስጠራሁትና ሁሉንም ላስረክበው ስል የራሱን ብቻ አነሣ። “የሌሎቹን ራስዎ ይስጧቸው ጋሼ፤ እኔ ካደረስኩ ቀንሶ ነው ይሉኛል” አለ። ልክ ነው። ዐሥራ ሁለቱን ፖስታ በኮት ኪሴ ይዤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ ላይ፣ ያው አዳራሽ፣ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ልጆቹ በየተራ ብቅ እያሉ ተቀበሉኝ። ስምንተኛውን ስሰጥ አንድ ከረቫቱን ያላላ እንግዳ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና በጆሮዬ፣

“አባት፣ የእኛንም ጠረጴዛ አደራ በልልን” አለኝ።