ለሰንጋው 214 ዶላር፣ ለላሚቱ 33

ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የግብርና ሚኒስቴር፣ በተለይም የድጎማ ቀመር ለምታወጡ ባለሙያዎች

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ስጽፍ እናንተ እንደማታነቡት ጠፍቶኝ አይደለም። በአውሮራና በግሪሊ፣ በሱ ፎልስም ያሉ ወገኖቼ ያነቡታል። ከእነርሱ መካከል ቄራ ውስጥ ቢላ ይዘው የሚውሉ፣ ከብትና ሥጋ በከባድ መኪና የሚያመላልሱ፣ ለፋሲካ ተሰባስበው ሰንጋ የሚጥሉ አሉ። ከእናንተ አንዱ አስተርጉሞ ቢያነበው ግን ደስታዬ ነው። ዓመቱንም ወሩንም የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መንግሥት ለአርቢ ገንዘብ መስጠት የለበትም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ብርድና በረዶ ከብት ሲፈጅ የገበያ ዋጋውን 75 ከመቶ ትከፍላላችሁ። ድርቅ ግጦሹን ሲበላው በየሳምንቱ የሚወጣውን የድርቅ ካርታ ተመልክታችሁ የመኖ ድጎማ ትሰጣላችሁ። እነዚህ ፕሮግራሞች ወረቀታቸው ቢበዛም ጉዳቱ ያረፈበትን ሰው ፈልገው ያገኙታል። ቅሬታዬ ጉዳቱ ከገበያ ሲመጣ በምትሠሩት አሠራር ላይ ነው። ያኔ ቀን ትቆርጣላችሁ፤ በዚያ ቀን ከብቱ በማን እጅ እንደነበር ትጠይቃላችሁ፤ በቁጥሩ አባዝታችሁ ቼክ ትጽፋላችሁ። ዋጋውን ማን እንደጣለው፣ ኪሳራውም መጨረሻ ላይ ማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ግን አትጠይቁም።

የ2020ውን ላስታውሳችሁ። ኮቪድ በገባ ጊዜ ለገበሬው በቀጥታ የሚሰጥ 16 ቢሊዮን ዶላር መደባችሁ። ለከብት የወጣው ቀመር ይህ ነበር፦ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ የደለበ ሰንጋ 214 ዶላር፤ ክብደቱ ከ600 ፓውንድ በታች ለሆነ ወይፈን 102፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 139፤ ለእርድ ለተሸጠች ያረጀች ላም 92። ሳይሸጥ ለቆየው፣ ማለትም ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 በባለቤቱ እጅ ለነበረው፣ ላምም ይሁን ጥጃ፣ ሰንጋም ይሁን ኮርማ፣ ለእያንዳንዱ 33 ዶላር።

ወረቀት ላይ ሲታይ ነውር የለበትም። ከብት የሚያረባ ሰው ግን ገና ቀኖቹን ሲያነብ ነው የገባው። በምሥራቅ ኮሎራዶ፣ በነብራስካና በዋዮሚንግ ሜዳ ላሞች በአብዛኛው ከፌብሯሪ እስከ ኤፕሪል ይወልዳሉ። ጥጃው ከእናቱ ጋር በጋውን ሣር ላይ ይከርምና ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ላይ ጡት ጥሎ ለጨረታ ይቀርባል። የባለላሙ የዓመት ገቢ ያ አንድ ሽያጭ ነው። ጃንዋሪና ኤፕሪል መካከል የሚሸጠው ቢኖር ሳትይዝ የቀረች ጊደር ወይም ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ላም ናት። በዚያ ወቅት እርሱ ሌሊት ሌሊት ባትሪ ይዞ በበረዶ ውስጥ እየዞረ ምጥ የያዛትን ላም ይፈልጋል፤ ጥጃው ተጣሞ ከመጣ ክንዱን እስከ ብብቱ ማስገባት አለበት። በነዚያ ወራት ከብት በብዛት የሚሸጠው አድላቢው ነው።

እስቲ እናስላው። 40 ላሞችና 38 ጥጆች ያሉት ሰው ሁሉንም ቢያስቆጥር 78 በ33 ሲባዛ 2,574 ዶላር ያገኛል። በነዚያው ወራት 500 ሰንጋ የሸጠ አድላቢ 107,000 ዶላር ይደርሰዋል። ለአንድ ሰው ጣሪያው 250,000 ዶላር ነበር፤ ሦስት ሠራተኛ ባለድርሻ ላለው ድርጅት እስከ 750,000። ባለ 40 ላሙ ጣሪያውን ቀና ብሎ የሚያይበትም ምክንያት የለውም። እርሱን የመሰለው ደግሞ ጥቂት እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ አገር የአንድ ላም አርቢ መንጋ በአማካይ 50 ላም አይሞላም፤ ይህን የቆጠራችሁት እናንተው ናችሁ።

አድላቢው አልተጎዳም አልልም። በ2019 መጸው ውድ ገዝቶ፣ በቆሎ አብልቶ፣ በማርች ግርግር በርካሽ የሸጠ ሰው ደሙ ፈሷል። ነገር ግን የጥጃ ገዢ እርሱ ነው። ዘንድሮ የከሰረውን በሚቀጥለው መጸው ለጥጃ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ የዋጋው ውድቀት እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርድና ከበታቹ ሌላ ሻጭ የሌለው ባለላም ላይ ያርፋል። ቀመራችሁ ሲዘጋ ጉዳቱ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ለመሆኑ ኤፕሪል 15 ለምን ተመረጠ? የገንዘቡን ምንጭ ያየ ያገኘዋል። 9.5 ቢሊዮኑ ኮንግረስ ካጸደቀው የኮቪድ ሕግ መጣ፤ 6.5 ቢሊዮኑ ከድሮው የሸቀጥ ብድር ኮርፖሬሽናችሁ ካዝና። እስከ ኤፕሪል 15 ያለው ኪሳራ ከአንዱ ኪስ ተከፈለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ከሌላው። በአንዲት ላም ማህፀን ውስጥ ያለውን የዘጠኝ ወር ሥራ ለሁለት የቆረጠው የሒሳብ መዝገብ መስመር ነው።

አንድ ጊዜ ቢሆን ግርግር ነበር ብዬ በተውኩት። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ በከብት 55 ዶላር አላችሁና ለርቢ የተያዘውን አወጣችሁት። ጥጃውን የወለደችው ላም አልተቆጠረችም ማለት ነው። ከዚያ በ2021 ተጨማሪ ክፍያ መጣ፤ ለደለበው ሰንጋ 63 ዶላር፣ ለትንሹ ወይፈን 7፣ «ሌላው ሁሉ» በሚለው ረድፍ ለተጣለችው ላም 17 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ሦስቱም ጊዜ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ስህተት ሳይሆን ልማድ ነው።

እኛ በቅርጫ ስንካፈል መደቡን የሚያወጣው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም። ሽንጡም፣ ጎድኑም፣ ጉበቱም በየመደቡ እኩል ይደለደልና ዕጣ ይጣላል። ስለዚህ የሚያድለው ሰው አንዱን መደብ አያሳብጥም። የእናንተን ቀመር ሲያወጡ ከጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሰዎች የራሳቸውን መደብ አስቀድመው ያወቁ ይመስለኛል።

የሚያሳዝነው ይህ አከፋፈል የተጎዱትን እርስ በርስ ማናከሱ ነው። በዚያ ዓመት በጨረታ ቤቶች ባለላም አድላቢውን፣ አድላቢው ባለላሙን በጎሪጥ ሲያይ ከረመ። አንዱ «የኔን ገንዘብ ወሰደ» ይላል፤ ሌላው «እሱ ምን ከሰረ?» ይላል። ሦስተኛው ወገን፣ ባለቄራው፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙም አልተነሳ። ታይሰን፣ ጄቢኤስ፣ ካርጊልና ናሽናል ቢፍ፣ እነዚህ አራት ኩባንያዎች ደልቦ ከሚታረደው ከብት 85 ከመቶ ያህሉን ያርዳሉ። የራሳችሁ መሥሪያ ቤት በጁላይ 2020 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው በኤፕሪል መጀመሪያ በቄራው የሥጋ ዋጋና በቁም ከብቱ ዋጋ መካከል የነበረው ልዩነት በመቶ ፓውንድ 66 ዶላር ገደማ ነበር፤ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንታት ከ279 ዶላር በላይ ሆነ። ሠራተኛ ታሞ ቄራው ሲዘጋ ከብቱ ረከሰ፣ ሥጋው ተወደደ። ኦገስት 2019 በካንሳስ ሆልኮም ከተማ የታይሰን ቄራ ሲቃጠልም የሆነው ይኸው ነው። እንግዲህ ለአድላቢው የከፈላችሁት 214 ዶላር ሌላ ሰው ያተረፈውን ልዩነት ከግብር ከፋይ ኪስ መሸፈኛ ነበር።

ወጉ ከደረሰ ስለ ሠራተኛውም አንድ ነገር ልበል። በግሪሊው ቄራ በዚያ ወረርሽኝ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል፤ የሠራተኛ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የቀጣው 15,615 ዶላር ነበር። ከዓመታት በኋላ ለቄራና ለእርሻ ሠራተኞች አንድ ጊዜ የሚከፈል 600 ዶላር አዘጋጃችሁ። የሰንጋው ቼክ በዚያው በ2020 በጋ ደርሶ ነበር።

ዋጋን በተመለከተ ሌላ የማይገባኝ ነገር አለ። በ1999 የወጣው ሕግ ትልልቅ ቄራዎች ከብት የገዙበትን ዋጋ ለእናንተ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ እናንተም ታወጣላችሁ። ገዢው ጥቂት በሆነበት አካባቢ ግን የአንዱ ኩባንያ ምስጢር ይታወቅብናል በሚል ዋጋውን አታወጡትም። ኮሎራዶ ከነዚህ አንዷ ናት፤ ብዙ ጊዜ የኮሎራዶ ረድፍ ባዶውን ይወጣል። ገዢ ባነሰ ቁጥር ሻጩ ዋጋውን ማወቅ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ አሠራራችሁ ግን ገዢ ባነሰ ቁጥር መጋረጃውን ይዘጋል። ዋጋ ደብቆ በኋላ የዋጋ ኪሳራ መክፈል ምን የሚሉት ዘዴ ነው? የቄራና የከብት ገበያ ሕጋችሁ ከ1921 ጀምሮ አለ። አርቢዎች ግን የዋጋ አድማ ተመቶብናል ብለው ራሳቸው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጄቢኤስ በ2025 ጥፋቱን ሳያምን 83.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እኔና ጓደኞቼ ለበዓል ሰንጋ የምንገዛው ከሜዳው አንድ ሽማግሌ ነው። ላሞቹን በጀርባቸው መስመር ይለያቸዋል፤ የወለዱበትን ቀን ከሸሚዙ ኪስ በማትለይ ቀይ ደብተር ይጽፋል። በ2020 እኛ ከብቱን ልንገዛ፣ እርሱም ሊሸጥ ተስማምተን አራጅ አጣን። ትልልቆቹ ሲዘጉ ሰው ሁሉ ወደ ትንንሾቹ ቄራዎች ጎርፎ የሚሰጡን ቀጠሮ ለሚቀጥለው ዓመት ነበር። ሕጉም የራሱ ጣጣ አለው፤ የመንግሥት መርማሪ ባልቆመበት ቄራ የታረደ ሥጋ ለባለቤቱ፣ ለቤተሰቡና ለሠራተኞቹ፣ ሳይከፍል ለሚጋበዝ እንግዳም ብቻ ነው የሚበላው፤ ጥቅሉ ላይ «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ስለዚህ ቅርጫውን ከነነፍሱ፣ ከብቱ በቁሙ ሳለ መግዛት አለብን። ኮሎራዶ በ2021 ይህን መንገድ በሕግ አስፍታለች፤ እናንተም በ2022 ትንንሽ ቄራዎችን ለማስፋፋት አንድ ቢሊዮን ዶላር ቃል ገብታችኋል። ያ ተገቢ ነበር፣ ቢዘገይም። ሽማግሌው የ33 ዶላሩን ነገር ሲያነሱበት ይስቃል። «በቅርብ አንድ ቄራ ቢኖረኝ ቼኩን መልሼ በላክሁላቸው» ይላል።

አሁን ይህ ሁሉ ለምን ይነሳል ትሉ ይሆናል። በ2025 የጥጃ ዋጋ ሰማይ ነካ። በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ ከብት 86.7 ሚሊዮን ነበር፤ ከ1951 ወዲህ እንዲህ አንሶ አያውቅም ነበር። ባለላሙ ከስንት ዘመን በኋላ ቀና አለ። ቢሆንም ገና ቀና እንዳለ በኦክቶበር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥጋ እንዲረክስ ከአርጀንቲና የሚገባው ይጨመር አሉና አርቢው ተቆጣ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ታይሰን በነብራስካ ሌክሲንግተን 3,200 ያህል ሰው የሚሠራበትን ቄራ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ከብት ሲጠፋ ቄራ ይዘጋል፤ ከብቱ ሲመለስ ግን የተዘጋው ቄራ አብሮት አይመለስም፤ ብዙ ሻጭ ጥቂት ገዢ ፊት ይቆማል። ላም ለመተካት ዓመታት ይፈጃል፤ መንጋው በሞላ ጊዜ ዋጋው እንደሚወርድ አሮጌ አርቢ ሁሉ ያውቃል። ያኔ እናንተም ያንኑ ቀመር ከመሳቢያ ታወጣላችሁ።

እንግዲህ ሳይቸኩል የሚሠራው አሁን ነው። አርቢው በየዓመቱ ለግብር በሚሞላው የእርሻ ቅጽ ላይ ሽያጩ ተጽፏል፤ ለአትክልትና ፍራፍሬ ገበሬ በ2020 ሁለተኛው ዙር የ2019 ሽያጩን አይታችሁ ከፍላችኋል፤ ለከብት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የርቢ ላም ከቆጠራ አትውጣ። ጣሪያውን ዝቅ አድርጉት። የኮሎራዶንም ዋጋ አውጡት፤ አንድ ኩባንያ ቅር ቢለው ሺህ ሻጭ ያመሰግናችኋል። ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ደግሞ በማመልከቻ ቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ የከብቱ ብዛት ከሚጠየቅበት ረድፍ በላይ፣ ከብትህን የምትሸጠው በየትኛው ወር ነው የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ቀኑን የምትቆርጡትም መልሱን ካያችሁ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ